መርዶ ያልመጣላቸው

አንድ የነጋዴዎች ከተማ ነበረች። በዚያች ከተማ ከሩቅ ቆላ አትርፎ የተመለሰ ነጋዴ ጥይት እየተኮሰ ይገባል፤ ሴቱ እልል ይላል፣ ሰንጋ ይጣላል፣ ጠላው ሲቀዳ ያድራል። ሳይመለስ የቀረ እንደሆነ ግን ምንም አይሰማም። ቁርጥ ያለ መርዶ ሳይመጣ ማልቀስ በሕይወት ያለን ሰው መግደል ነው ተብሎ ስለሚታመን፣ ሚስቱ ነጠላዋን አታዘቀዝቅም፣ ድንኳንም አይተከልም። "የት ደረሰ?" ሲሏት "መንገድ ላይ ነው" ትላለች። ዓመት ያልፋል፤ አሁንም መንገድ ላይ ነው።

አንድ ጊዜ የከተማዋ ነጋድራስ ታላቅ የቆላ ጉዞ አሰበና ገንዘብ የሚያወጡለትን ሰዎች ገበያው መሐል ሰበሰበ። ለማሳመንም ቆላ ደርሰው የተመለሱትን ነጋዴዎች ከፊት አቆማቸው። ሁሉም የለበሱት ሸማ ያማረ፣ በቅሏቸው የሰባ ነበር።

"እነዚህን ጠይቋቸው" አለ። "አንዱ እጥፍ አትርፏል፣ ሌላው ከእጥፍም በላይ። ከመካከላቸው የከሰረ አለ? ታዲያ ምን ያስፈራችኋል?"

ከሰሚዎቹ መካከል አንለይ የሚባል ወጣት ነበር። አባቱ በዚያው መንገድ ሄዶ ከቀረ ቆይቷል። እናቱን ስንዱን ሳያማክር የቀረቻቸውን መሬትና ጥማድ በሬ ሸጦ፣ ገንዘቡን መቀነቱ ላይ ቋጥሮ፣ ራሱም አብሮ ሊጓዝ መጥቷል። መቀነቱን መፍታት ሲጀምር እናቱ የሽያጩን ወሬ ሰምታ ደረሰች። ፀጉሯን ተላጭታ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። ገበያው ደነገጠ።

"ምነው ስንዱ፣ ማን ሞተ?" አለ ነጋድራሱ።

"ባሌ።"

"መርዶ መጣ እንዴ?"

"አብረውት የሄዱት ሁሉ ቀርተው መርዶውን ማን ያምጣው? እርስዎ የተመለሱትን አሰልፈው 'የከሰረ አለ ወይ?' ይላሉ። የከሰረውማ እዚህ የለም፣ ቆላ በልቶታል።"

"ወግ አፈረስሽ። ባልሽን በአፍሽ ገደልሽው።"

"ይፍረስ። ወግ ላክብር ብዬ ልጄንም ላስበላ? ሰው መንገድ ላይ የቀረባችሁ ሁሉ፣ ኑ ወዲህ ቁሙ።"

መጀመሪያ ማንም አልተነቃነቀም። ኋላ አንዲት አሮጊት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከስንዱ ጎን ቆመች። ሌላዋ ተከተለቻት። ሚስቶች፣ እናቶች፣ አባቶችም መጡ። ከአትራፊዎቹ አንዱ ሳይቀር በቅሎውን ትቶ ተሻገረ፤ አብሮት የወጣው ወንድሙ አልተመለሰም ነበር። ከነጋድራሱ ዘንድ እፍኝ የማይሞሉ ሰዎች ቀሩ፤ የስንዱ ወገን ገበያውን አጥለቀለቀው።

አንለይ መቀነቱን መልሶ አጠበቀ። ከተማዋም ስታፍነው የኖረችውን ልቅሶ በዚያው ቀን ተቀመጠች።

ወዳጄ፣ ነጋድራሱ አንድም ቃል አልዋሸም። እኔን የሚያናድደኝም ይኸው ነው። የተመለሱትን ብቻ ደምሮ ላካፈለ ሰው አማካዩ ምንጊዜም ያማረ ነው። ዛሬም "እነ እገሌን አላየህም? ገንዘብህን አምጣ" የሚልህ አይጠፋም። አማካይ ትርፉን ሲነግርህ፣ ከነማን የተሰላ አማካይ እንደሆነ ጠይቀው። ስንቱ ገባ፣ ስንቱስ ወጣ በለው። ፈሪ ቢልህ ይበልህ፣ ቢቆጣም ይቆጣ፤ ላብህን ያፈሰስክበት ገንዘብ ያንተ ነው።

ለመሆኑ ባለፈው ያለህን አውጥተህ ስትሰጥ፣ የከሰሩት የት እንዳሉ ጠይቀህ ነበር?