ሦስት ጭረት የነበራት አህያ

አንድ ጊዜ፣ አራዊት እርስ በርሳቸው በሚታከሙበት ዘመን፣ በአንድ ጫካ ውስጥ እንዲህ ያለ ልማድ ነበረ። መድኃኒት ያገኘ እንስሳ በራሱ ዛፍ ላይ አንድ ጭረት ይጭራል። ከእሱ ተምሮ የዳነ ወይም ሌላውን ያዳነ ደግሞ ከዛፉ ሥር አንድ ድንጋይ ያስቀምጣል።

አህያዋ ያላት ጭረት ሦስት ብቻ ነው። ዳማከሴ ሳል እንደሚያሽር ለማረጋገጥ ሰባት ክረምት ፈጅቶባታል፤ ቅጠሉን ሁሉ መጀመሪያ የምትሞክረው በራሷ ነበርና። አሁን ደግሞ የግልገሎችን ተቅማጥ የሚያቆም ሥር ልታገኝ ትንሽ ቀርቷታል። ሥሩ የሚበቅለው ግልገሎች በሚሰማሩበት ኮረብታ ላይ ብቻ ነው።

በዚህ መካከል ንጉሡ አንበሳ «ኮረብታውን ከሁሉ ለሚበልጠው መድኃኒተኛ እሰጣለሁ» ብሎ አስነገረ። አህያዋ ደነገጠች። ኮረብታውን ካጣች የስንት ዓመት ድካሟ መና ሊቀር፣ ግልገሎቹም ሊያልቁ ነው።

አንድ ቀን ቅጠል ስትለቅም ከቁጥቋጦው ማዶ የጅብ ድምፅ ሰማችና ጆሮዋን ቀስራ አዳመጠች።

«እመት ቀበሮ፣ ኮረብታውንና ግልገሎቹን እፈልጋለሁ፤ መድኃኒት ግን የለኝም» ይላል።

«ዳማከሴ ሳል እንደሚያሽር አልሰማህም?»

«እሱንማ ሰምቻለሁ።»

«እንግዲያው ይበቃሃል፣ አያ ጅቦ። ዳማከሴ በጠዋት ብለህ አንድ ጭረት ጫር። ዳማከሴ በቀትር ብለህ ሌላ። ቆሞ ለሚያሸት፣ ተኝቶ ለሚያሸት እያልክ ቀጥል። ድንጋዩን ዘመዶችህ ያስቀምጡልሃል፤ አንተም ለእነሱ ታስቀምጣለህ።»

የጉባኤው ቀን ደረሰ። የጅቡ ዛፍ አርባ ጭረት ተጭሮበት፣ ከሥሩ ድንጋይ ተከምሮበት ታየ። ከአህያዋ ዛፍ ሥር ግን ያለው ስድስት ድንጋይ ነው። አንበሳው ቆጥሮ ሊፈርድ ሲል አህያዋ ወደ ፊት ወጣች።

«ጃንሆይ፣ ከመፍረድዎ በፊት ድንጋይ ያስቀመጠ ሁሉ ከማን እንደተማረ ይጠየቅልኝ» አለች።

አንበሳው ወደ አንድ ወጣት ጅብ ዞረ። «አንተ ከማን ተማርክ?»

«ከአጎቴ ከአያ ጅቦ።»

«አጎትየውስ?»

«ከአማቼ» አለ አያ ጅቦ።

«አማችየውስ?»

«ከዚህ ልጅ ነዋ» አለ አማቹ፣ ወጣቱን ጅብ እያመለከተ።

አያ ጅቦ ነገሩ ያማረለት መስሎት «አዎ ጃንሆይ፣ ከቤታችን አልወጣም» ሲል በኩራት ጨመረ። ቀበሮ ይህን እንደሰማች የረሳችው ጉዳይ እንዳለ ተናግራ ሹልክ አለች።

አንበሳው ቀጥሎ ፍየልን ጠየቀ። ፍየል ከሚዳቋ፣ ሚዳቋም ከጃርት መማራቸውን ተናገሩ።

«እኔማ ከእመት አህያ ነው» አለ ጃርት። «ዳማከሴውን ባታሳየኝ የእኔ መድኃኒት ከየት ይመጣ ነበር?»

ጉሬዛም፣ ከርከሮም፣ ድኩላም ተጠየቁ። አንዱ በጦጣ፣ አንዱ በጥንቸል በኩል ይምጣ እንጂ ሁሉም መጨረሻው አህያዋ ጋ ሆነ። አህያዋ ራሷ ይህን ያህል እንስሳ በእሷ መድኃኒት መዳኑን አታውቅም ነበርና ጆሮዋን ማመን አቃታት።

አንበሳው ወደ ጦጣ ዞረና «ባለፈው ክረምት ያን ክፉ ሳሌን ያዳንሽኝ አንቺ ነሽ፣ ጦጢት። አንቺስ ከማን ተማርሽ?» አለ።

«ከእመት አህያ፣ ጃንሆይ።»

ንጉሡ ከተቀመጠበት ተነሣ፤ ትልቅ ድንጋይ በራሱ አፍ ነክሶ ወስዶ ከአህያዋ ዛፍ ሥር አኖረ። ሌሎቹም ተከተሉት። ክምሩ ከጆሮዋ በላይ ከፍ አለ። ኮረብታው የእሷ ሆነ፤ አህያዋም ደስታዋን መያዝ አቅቷት ጫካው እስኪያስተጋባ አናፋች።

አያ ጅቦ ግን «አርባ ከሦስት አይበልጥም ወይ?» እያለ ሲጮህ ውሎ ሳል ያዘው። በማግስቱ ከኮረብታው ግርጌ ቆሞ እየሳለ ተጣራ።

«እመት አህያ፣ ዳማከሴው በጠዋት ነው በቀትር?»

«ያው አንድ ቅጠል ነው፤ ሲያምህ አሽተው» አለች ከላይ ሆና። «ግልገሎቹ ጋ ሳትደርስ ግን ድንጋይህን አስቀምጠህ ሂድ።»

አስቀመጠ።

ከዚህ የምንማረው፣ ሥራ የሚከበረው በጭረቱ ብዛትና ዘመድ በከመረለት ድንጋይ ሳይሆን በስንቱ በኩል አልፎ ስንቱን እንዳዳነ ሲታወቅ መሆኑን ነው።