መልስ የአባወራ ነው

ስለ ጡት ካንሰር የሚያጠኑ አንድ ፕሮፌሰር ወደ ገጠር ወረዱ። ስለ ሴት የማያውቁት ነገር አልነበረም፤ ሴት ማናገር ብቻ አይወዱም። ስለዚህ «መልስ የሚሰጠው አባወራው ነው» ብለው ወሰኑ።

አንዲት ምላሰኛ ሴትም ከባሏ ከአቶ ይርዳው ጎን ዝም ብላ እንድትቀመጥ ተነገራት።

«የወር አበባ መጀመሪያ ያየችው መቼ ነው?» አሉ ፕሮፌሰሩ ወደ ባልየው ዞረው።

አቶ ይርዳው ጢሙን እያሻሸ «ለመኸር አካባቢ መሰለኝ» አለ።

«ስንት ወለደች?»

«አምስት ወልደናል።»

«አጥብታለች?»

«ያውም ሁለት ሁለት ዓመት ነዋ ያጠባነው!»



«ከቤተሰቧ በጡት ሕመም የሞተ አለ?»

«ኧረ የለም! ጤነኞች ናቸው።»

በዚሁ ሕመም እናቷን የቀበረችው ሴት አፏን ስትከፍት፣ ፕሮፌሰሩ ጣታቸውን ቀሰሩባት። «አንቺ! የተጠየቁት አቶ ይርዳው ናቸው!»

ጥያቄው ሲያልቅ ፕሮፌሰሩ ጓንታቸውን አጥልቀው ወደ መጋረጃው አመለከቷት። «በይ ግቢ፣ አሁን ጡትሽን እንመርምር።»

ሴትዮዋ ከወንበሯ ንቅንቅ ሳትል የባሏን ጋቢ ከትከሻው ገፈፈችው።

«እሱን ያስገቡት እንጂ ጌታዬ! የወር አበባ ያየው እሱ፣ አምጦ የወለደው እሱ፣ ያጠባው እሱ። እኔማ አስታማሚ ነኝ።»