በዋርካው ሥር የቆሙት ሁለት መኪኖች

ተረቴ መጣች። «በሩ ክፍት ነው፣ ትግባ» በሏት እንጂ ልጆች።

በድሮ ዘመን፣ ግራዝማችም መኪናም በአንድ አገር አብረው በሚኖሩበት ጊዜ፣ በአንዲት የገበያ ከተማ አንድ ትልቅ ዋርካ ነበር። በከተማዋ ከእሱ በቀር ጥላ የለም። የደከመው እዚያ ያርፋል፤ መኪና የሚፈልግም እዚያው ይጠብቃል። ከዋርካው ሥር ሁለት መኪኖች ይቆሙ ነበር። ሁለቱም ትናንሽ፣ ሁለቱም ኋላቸው ቆረጥ ያለ፣ የዕቃ በራቸው እንደ ድስት ክዳን ወደ ላይ የሚከፈት።

ቀይዋ የዘገዬ ነበረች። ሰውየው ስሙ ዘገዬ ይባል እንጂ መኪናው መዘግየት አታውቅም። ከቆመችበት ስትነሳ ዶሮ እንኳ ለመሸሽ ጊዜ አይኖራትም። ነጯ የእታገኝ ነበረች። እታገኝ በሬዎቿን ሸጣ ነው የገዛቻት። የምትበላው ከእሷ ነው፤ የምትለብሰውም ከእሷ ነው። ነጯ ግን ስትነሳ መውለጃዋ እንደ ደረሰ ላም ናት። መጀመሪያ ታስባለች፣ ከዚያ ትተነፍሳለች፣ ከዚያ ትሄዳለች።

ዘገዬ መንገደኛውን ሁሉ ለብቻው ተመኘ። አንድ የገበያ ቀን ሰው በተሰበሰበበት እታገኝን ጠርቶ ጥላው ለሁለት እንደማይበቃ ነገራት። ከዋርካው ተነስተው እስከ ድልድዩ ይሽቀዳደሙ፣ የተረታ ከጥላው ይውጣ አለ። እታገኝ እምቢ ብትል «ፈራች» ልትባል ነው። እሺ ብትል ደግሞ የመኪናዋን አነሳስ ታውቀዋለች። ሰው ሁሉ ዓይን ዓይኗን ሲያያት አፈረችና እሺ አለች። የከተማዋ ዳኛ ግራዝማች ውብነህ ነበሩ፤ እሳቸው ይፍረዱ ተባለ።

መጀመሪያ ባዶ መኪና ይዘው ተሽቀዳደሙ። ግራዝማች የዝንብ ጭራቸውን ከፍ አድርገው አወረዱ። ቀይዋ ተፈተለከች። ነጯ አሰበች፣ ተነፈሰች፣ ሄደች። ዘገዬ ድልድዩ ላይ ወርዶ መስተዋቱን ሲወለውል፣ እታገኝ ገና ማርሽ እየቀየረች ነበር። ሰው ሳቀ።

እታገኝ ባዶ መኪና መንዳት ሥራቸው እንዳልሆነ ተናገረች። ሰው ጭነን እንሞክር አለች። ዘገዬ እሺ ብሎ፣ ፈጠን ብሎም ቀጫጭኖቹን ለራሱ መረጠ። ለእታገኝ የቀሩላት ወፍራሟ ጠላ ሻጭ፣ እሷኑ የሚያካክሉ እህቶቿና አንድ ሙክት ናቸው። ግራዝማች ጭራቸውን አወረዱ። ቀይዋ ተፈተለከች። ነጯ አሰበች፣ እንደገና አሰበች፣ ተነፈሰች፣ ሄደች። ዘገዬ ዳግመኛ ረታ።

ሰው ዘገዬን ሲያወድስ፣ የእታገኝ ዓይን ከቀይዋ በሚወርዱት ተሳፋሪዎች ላይ ነበር። አንዱ አንገቱን ያሻል። አንዷ የፈሰሰ ጤፏን ከወንበሩ ሥር በእፍኝ ትለቅማለች። አንድ ሽማግሌ ኮፍያቸውን በመስኮት ጥለው መጥተዋል። የረታን ሰው የሚወቅስ የለም። እታገኝ ግን ወጥቶ የነበረው ልቧ ወደ ቦታው ተመለሰ።

«ዘገዬ፣ ሁለቴ ረትተኸኛል» አለችው። «ዋርካው ያንተ ነው። ከፈለግህ አንዴ እንድገመው። ከረታኸኝ መኪናዬንም ጨምረህ ውሰድ። ከረታሁህ ዋርካውን ለእኔ ትተዋለህ።»

ወዳጅ ቢኖረው «ይብቃህ» ይለው ነበር። ዘገዬ ግን ነጯን ከፊት እስከ ኋላ በዓይኑ ለካት። የሁለት መኪና ጌታ ሆኖ ታየው።

«ምን ጭነን?» አላት።

«ግራዝማች ካንተ ጋር፣ ባለቤታቸው ከእኔ ጋር ይሁኑ። ሁለቱም ክዳን የሌለው አንድ አንድ ማሰሮ እርጎ ይያዙ። የሚረታው ተሳፋሪውን ከነዕቃው ቀድሞ ያደረሰ ነው።»

ዘገዬ ከዚህ ሁሉ የሰማው «ቀድሞ» የሚለውን ብቻ ነው። ደስ ብሎት ተስማማ።

ግራዝማች አዲሱን ጥቁር ካባቸውን እንደለበሱ ማሰሯቸውን ታቅፈው ጋቢና ገቡ። ጭራውን ለጠላ ሻጯ ሰጧት። ጠላ ሻጯ አወረደች። ቀይዋ ተፈተለከች። እርጎው ግን አልተፈተለከም፤ ባለሁበት ልቆይ አለ። መኪናዋ ወደ ፊት፣ እርጎው ወደ ኋላ። ከፊሉ በግራዝማች ጺም፣ ከፊሉ በካባው ላይ ወረደ። ቀስ በል አሉት። ሞተሩ ድምፃቸውን ዋጠው። ድልድዩ ጋ ሲደርስ ዘገዬ ፍሬኑን ረገጠ። መኪናዋ ቆመች። የቀረው እርጎ ግን አልቆመም፤ ወጥቶ በመስተዋቱ ላይ ተለጠፈ።

እታገኝ ቀይዋ አቧራ ውስጥ ስትጠፋ አየች። እግሯ ነዳጁን ልርገጥ፣ ልርገጥ አላት። አጠገቧ የግራዝማች ባለቤት ወይዘሮ ጥሩወርቅ ማሰሯቸውን ይዘው ስለ እህታቸው ልጅ ሠርግ ያወሯታል። እታገኝ ጥርሷን ነክሳ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብላ ለቀቀች። ነጯ አሰበች፣ ተነፈሰች፣ ሄደች። ድልድዩ ጋ ደርሳ ስትቆም የሠርጉ ወሬ አላለቀም ነበር። እርጎውም ከማሰሮው አፍ አልወጣም።

ዘገዬ እጁን ዘርግቶ የነጯን ቁልፍ ጠየቀ። ግራዝማች ከቀይዋ ወረዱ። ከጺማቸው እስከ ካባቸው ጫፍ ነጭ ነበሩ። ሰው ሁሉ ሳቁን በነጠላው አፈነ። ግራዝማች ዓይናቸውን ጠረጉና ፈረዱ።

«ዘገዬ እኔን ቀድሞ አድርሶኛል፤ አልክድም። እርጎዬ ግን ገና መንገድ ላይ ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዋርካው የእታገኝ ሆነ። ዘገዬ መኪናውን ማዶ፣ ከቁልቋሉ አጠገብ፣ ፀሐይ ላይ አቆመ። መንገደኛውም መጀመሪያ የያዘውን ዕቃ ያያል። ድንጋይና ብረት የያዘ ወደ ዘገዬ ይሄዳል። እንቁላል የያዘች፣ እርጎ የያዘች፣ ሆዷ የገፋ ሁሉ ከዋርካው ሥር ቁጭ ብላ እታገኝን ትጠብቃለች። ዘገዬም ዋርካውን በሩጫ አግኝቶ በሩጫ አጣው።

ለዚህ ነው አባቶች፣ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ያሉት።

ተረቴን እዚህ አደረስኳት። እናንተ አውርዷት፤ የእኔንም ጉሮሮ በእርጎ አርጥቡልኝ።