ኮረብታው አንድ ክረምት እንዲያርፍ

ጆሯችሁን ስጡኝ፣ የስንዱን ነገር ላጫውታችሁ። ስንዱ የወረዳው የአየር ንብረት ባለሙያ ናት። የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከጎሽ ውሃ መንደር በላይ ያለው የተራቆተ ኮረብታ ለአንድ ክረምት ከግጦሽ እንዲያርፍ። አምና ዝናቡ ባንዴ ወርዶ አራት ቤት ጠርጎ ወስዷል።

ኃላፊዋን "ክልከላው ይፈረምልኝ" አለቻቸው።

"ሰዉ እሺ ማለቱን ሳላውቅ አልፈርምም። ኮምፒውተርሽን ጠይቂ" አሏት።

ኮምፒውተሯ ውስጥ መንደሩ አለ። ቤት ለቤት ዞራ፣ ማን ማንን አይቶ ምን እንደሚያደርግ ጠይቃ አስገብታበታለች። ክልከላውን በዚያ መንደር ላይ ሞከረችው። ኮምፒውተሩ፣ መንደሩ ከብቱን ስለማያስር አይሆንም አለ።

መንደሩ አላስርም አለ፣ ኮምፒውተሩ አይሆንም አለ፣ ኃላፊው አልፈርምም አሉ፣ ኮረብታው አላረፈም። "መች ደከመኝ!" አለችና ስንዱ ወደ መንደሩ ወረደች።

"እኛ የምናየው አቶ ይመኑን ነው" አሏት።

አቶ ይመኑ ባለ ሃያ ከብት ናቸው። "የእትዬ እንጉዳይ ፍየሎች በደጄ እያለፉ ሲወጡ የኔ ለምን ይታሰር?" አሉ።

አቶ ይመኑ አላስርም አሉ፣ መንደሩ አላስርም አለ፣ ኮምፒውተሩ አይሆንም አለ፣ ኃላፊው አልፈርምም አሉ፣ ኮረብታው አላረፈም። "ክረምቱ አይቀድመኝም!" አለችና ስንዱ እትዬ እንጉዳይ ደጅ ደረሰች።

"ማሰሩን መች ጠላሁ ልጄ? ከማዶ ዳገት ሳር አጭዶ ማን ያምጣልኝ? ጉልበቴ ዳገት አይወጣም። አንቺም ቤት ለቤት ስትዞሪ እኔን አልፈሽኝ ነው የሄድሽው" አሉ ባልቴቷ።

ስንዱ አፈረች። ባለ ሁለት ፍየል ናቸው ብላ ነበር ያለፈቻቸው።

እትዬ እንጉዳይ አልችልም አሉ፣ አቶ ይመኑ አላስርም አሉ፣ መንደሩ አላስርም አለ፣ ኮምፒውተሩ አይሆንም አለ፣ ኃላፊው አልፈርምም አሉ፣ ኮረብታው አላረፈም። ስንዱ ግን ወደ አቶ ይመኑ ተመለሰችና የሰማችውን ነገረቻቸው።

"እንዲህ መሆኑን ማን ነገረኝ? ሳሩን በአህያዬ አወርድላቸዋለሁ!" አሉ።

ስንዱ እዚያው ቁጭ ብላ ኮምፒውተሯን ከፈተችና ያለፈቻቸውን እትዬ እንጉዳይን አስገባች። በክልከላው ላይ አንድ አንቀጽ ጨመረች፦ ዳገት ላቃተው ሰው ጎረቤቱ ሳር ያመጣለታል።

ያኔ እትዬ እንጉዳይ አስራለሁ አሉ፣ አቶ ይመኑ አስራለሁ አሉ፣ መንደሩ አስራለሁ አለ፣ ኮምፒውተሩ ይሆናል አለ፣ ኃላፊው ፈረሙ፣ ኮረብታው ዐረፈ!

ሐምሌ ላይ ዝናቡ እንደ አምናው ባንዴ ወረደ። ውሃው ግን ሳሩ ውስጥ እየዘገየ፣ እየሰረገ፣ አንድም ቤት ሳይነካ አለፈ። ከብቱም ታሰረ፣ ወሬዬም እዚህ ላይ ታሰረ።