ያልተቋጠረው ዓሣ

አንድ ዓሣ አጥማጅ ነበረ፤ የጠየቅሽኝን እሱ ይመልስልሽ።

ይህ ሰው ከደጋው በሚወርድ ቀዝቃዛ ወንዝ ላይ ትራውት የሚባለውን ዓሣ በማጥመድ አገር ያወቀው ነበር። ወገቡ ላይ ሲባጎ ያስራል፤ አንድ ዓሣ በያዘ ቁጥር አንድ ቋጠሮ ይቋጥርበታል። ቤቱ ሲገባ ሚስቱ «እንደምን ዋልክ?» ሳትለው በፊት «ዛሬ አሥራ አራት!» ይላታል። በቃ፣ ውሎው ይኸው ነው። ወንዙ ሞልቶ ይሁን ጎድሎ ብትጠይቂው አያውቅም።

ማጥመድ ያስተማረው ታላቅ ወንድሙ ነበር። የዚህ ወንድም የዓይኑ ብርሃን እየደከመ ሄደና ሐኪሙ ቁርጡን ነገረው፤ ከአንድ ዓመት በኋላ ጭራሽ አያይም። ወንድምየው ይህን ሲሰማ የለመነው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ሳይጨልምብኝ ወንዙን አንድ ቀን አሳየኝ።»

ዓሣ አጥማጁ ወንድሙን ከልቡ ይወደው ነበርና ታይቶ የማይታወቅ ቀን ሊያደርግለት ቆረጠ። ታይቶ የማይታወቅ ማለት ለእሱ ምን እንደሆነ መቼም ገብቶሻል። ጎህ ሲቀድ ወንድሙን በክንዱ ደግፎ ወረደ። አንድ ቦታ ሁለት ሦስት ከያዘ «እንነሣ ጋሼ፣ ከላይ ይበልጣል» እያለ ከድንጋይ ድንጋይ ሲያንከራትተው አረፈደ። በምሳ ሰዓት ሲባጎው ሃያ ሦስት ቋጠሮ ነበረው።

«ሃያ ሦስት፣ ጋሼ! በአንድ ጠዋት እንዲህ ሆኖልኝ አያውቅም» አለ ላቡን እየጠረገ።

ወንድምየው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ እግሩን ያሻል። «እሰይ» አለ። «እኔ ግን አንዱንም በደንብ ሳላየው ቅርጫት ገባብኝ። እስቲ የመጨረሻው መልኩ ምን ይመስል ነበር?»

ዓሣ አጥማጁ ከመንጠቆው ሲያላቅቀው ዓይኑ ሲባጎው ላይ ነበር። የሃያ ሦስቱንም ቢጠየቅ የአንዱን መልክ አይናገርም። አፈረ። ይባስ ብሎም ፈራ፤ ወንድሙ ከለመነው አንድ ቀን ላይ እኩሌታውን አባክኖበታል።

ወደ ላይ መውጣቱን ተወው። እዚያው መንጠቆውን ጣለና ጠበቀ፤ ብዙ ጠበቀ። በመጨረሻ አንድ ሲይዝ፣ ደረቅ እጅ የዓሣን ቆዳ ይጎዳልና፣ እጁን በውኃ አርሶ እዚያው ውኃው ውስጥ ቀስ አድርጎ አቀፈው። ወንድሙ ጎንበስ ብሎ ፊቱን አስጠጋ። ዓሣው ጎኑ ላይ ቀያይ ነጠብጣቦች አሉት፤ እያንዳንዳቸውን ነጣ ያለ ቀለበት ከቧቸዋል። ሆዱ የቅቤ መልክ አለው። ሁለቱም አትኩረው አዩት።

«እንዲህ ነው ለካ!» አለ ዓሣ አጥማጁ። ሠላሳ ዓመት ያጠመደ ሰው!

ወንድሙ ሳቀበት። ከዚያም ዓሣ አጥማጁ ዓሣውን ለቀቀው፤ ሲባጎውንም አልነካው። እስኪመሽ ድረስ እዚያው ተቀምጠው ወንዙን ሲያዩ ዋሉ።

ዓመቱ ደርሶ የወንድምየው ዓይን ጨለመ። አብረው መውረዳቸውን ግን አልተዉም፤ አንዱ ያያል፣ ለሌላው ይነግራል። ወንድምየውም «ዋሸህ፣ ነጠብጣቡ እንደዚያ አይበዛም» እያለ ይከራከረዋል።

ልጄ፣ አንቺም «አራት ዓመት ሙሉ አንድ እሑድ ሳላጓድል እናቴን እየጠየቅኋት ለምን ናፈቅሽኝ ትለኛለች?» አልሽኝ። እሑዶቹን አልካድኩሽም፤ አንድም አልጎደለም። ግን ገብተሽ፣ የያዝሽውን አስቀምጠሽ፣ ሰዓትሽን አይተሽ የምትወጪ ከሆነ፣ እሑዱን ቆጠርሽ እንጂ እናትሽን መቼ አየሻት? እንደዚያ ሰውዬ ነሽ። ደግነቱ እሷም አለች፣ ዓይንሽም ደህና ነው። ዛሬ ሐሙስ ነው፤ እሑድን አትጠብቂ።