የይቅደሙ ዳርቻ

በጣና ዳር፣ ደንገል በሞላበት አንድ ስፍራ፣ አንዲት ታንኳ ብቻ የምታሳልፍ ጠባብ መውረጃ አለች፤ ስሟ «ይቅደሙ» ነው። ስሟን የሰማ እንግዳ የትሑታን አገር ደረስኩ ብሎ ደስ ይለዋል። የአገሩ ሽማግሌዎች ግን ሲጠሯት ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ።

እንደሚነገረው፣ በድሮ ዘመን ቢሻው የሚባል ደንገል ቆራጭ ነበር፤ ሚስቱ ጥሩዬ ምጥ ከያዛት ሦስተኛ ቀኗ ነበርና፣ አዋላጇ ወዳለችበት ማዶ ሊያሻግራት በማለዳ ታንኳው ላይ አስተኝቷት ተራውን ይጠብቅ ጀመር። ጣና ጧት ጧት ጸጥ ይላል፤ ረፋዱ ላይ ነፋሱ ከተነሣ ግን በደንገል ታንኳ የሚደፍረው የለም።

ከፊቱ የነበሩት አለቃ ዳምጤና ባላምባራስ ይስማው ናቸው፤ በዕድሜም በክብርም የሚተካከሉ፣ ኩሩ መባልን እንደ እሳት የሚፈሩ።

«ይቅደሙ፣ ባላምባራስ።»

«ኧረ በሥላሴ! እርስዎ እያሉ?»

«በሞቴ ይቅደሙ።»

«በሞቴ ካሉማ፣ እኔም በሞቴ!»

ትሕትና ነው እንግዲህ፣ ማን ይከለክለዋል! ቢሻው ነጠላውን አደግድጎ ቆመ። ታላላቆች ሲነጋገሩ መሀል መግባት ነውር ነውና፣ ጥሩዬ ባቃሰተች ቁጥር ጉሮሮውን ይጠርጋል እንጂ ቃል አይወጣውም። ፀሐይ ከፍ ስትል ግን ጨነቀው።

«አባቶቼ፣ ምጥ ላይ ናት» አለ።

«ምነው ቀድመህ ብትነግረን ልጄ!»

ሁለቱም ደንግጠው፣ ፈጥነው ወርደው መንገዱን ሊለቁለት ታንኳዎቻቸውን በአንድ ጊዜ ገፉ፤ ታንኳዎቹም ጎን ለጎን ጠባቧ መውረጃ ውስጥ ተቀረቀሩ። ቢስቡ፣ ቢገፉ፣ ዳርና ዳሩን በማጭድ ቢያጭዱ ንቅንቅ አላሉም። እነሱ ሲታገሉ ነፋሱ ተነሣ። ቢሻው የሚያደርገው ቢያጣ የሚስቱን እጅ ይዞ ተቀመጠ። ጥቂት ቆይቶ ማቃሰቷ ቆመ፤ ነጠላውን ፈትቶ ፊቷን ሸፈናት።

ሽማግሌዎቹን አልረገማቸውም ይባላል፤ እስኪሞት ድረስ የረገመው የገዛ አፉን ነበር።

ከዚያ ወዲህ በይቅደሙ ቀድሞ የደረሰ ቀድሞ ይወርዳል፤ ሰላምታም የሚሰጠው ውሃው ላይ ከወጡ በኋላ ነው። እንግዶች ይህን አይተው ባለጌዎች ይሏቸዋል። ከኋላ አንድ ሰው «ቸኩያለሁ!» ብሎ ከጮኸ ግን፣ ቄስም ይሁን ባለማዕረግ ታንኳውን ወደ ዳር ይጎትትለታል፤ ምን ሆነህ ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም።