የጃርት ሳምቡሳና የድስቷ ምስክርነት

ተረት ልጀምር ነው፤ እናንተ እሳቱን ቆስቁሱ፣ እኔ አፌን ልክፈት።

በድሮ ዘመን፣ እንስሳት ሁሉ ፍልሰታን በሚጾሙበት ጊዜ፣ እሜቴ ጃርት የምትባል የሦስት ልጆች እናት ነበረች። የነሐሴ ንፋስ የጎጆዋን ክዳን ገፎ ወሰደባት። ልጆቿ ኮባ ቅጠል ሥር ተኮራምተው ጥርሳቸው ይንገጫገጫል። የእናት አንጀት አልችል ብሏት ጎረቤት ለምና ደቦ ጠራች። ደቦ ደግሞ ምግቡ ካላማረ ጣራው ሳያልቅ ይበተናል፤ ጃርት ይህን አሳምራ ታውቃለች።

"ለዚህ ብርድ ትኩስ የአትክልት ሳምቡሳ ነው!" አለች። ድንቹን፣ ካሮቱን፣ ጥቅል ጎመኑንና ቃሪያውን አድቅቃ ከትፋ ጣደች። ጨው ጨመረችና ሊጧን ልትዳምጥ ዞር አለች። ወዲያው ግን ጠፋባት። ጨው ጨምሬያለሁ ወይስ አልጨመርኩም? እንዳትቀምስ ጾም ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት አልሞላም።

ጣራ ከሚከድኑት ደቦኞች መካከል ቆቅ ክንፏን እሳት ልታሞቅ ገባች።

"እስቲ እትዬ ቆቅ፣ ጨው አለው?"

ቆቅ አሸተተች። "ሽታው አልጫ ነው" አለችና ቆንጠር አድርጋ ጨመረች።

"ኧረ ገብቷል!" ብላ ጮኸች ድስቷ።

"ቀምሰሽ ነው? በጾም?" አለቻት ጃርት።

ጥንቸል ገባ። አየ፣ አየና "መልኩ አልጫ ነው" ብሎ አንድ እፍኝ ጨመረ።

"ገብቷል እኮ! ያውም ሁለቴ!" አለች ድስቷ።

"አንቺ ጾም ገዳፊ፣ ዝም በይ!"

የደቦው አለቃ አያ ከርከሮ ገባ። ጆሮውን ወደ ድስቷ አስጠጋ። "ድምፁ አልጫ ነው" አለና ሁለት እፍኝ ጨመረ። ድስቷ ልትናገር ስትል ጃርት ጥርቅም አድርጋ ከደነቻት።

ዘጠኝ ሰዓት ሞላ። ሳምቡሳው ተጠቀለለ፣ ተጠበሰ፣ ቀላ። ጣራው ግማሽ ደርሷል፤ ሠራተኞቹ ወርደው ተቀመጡ። ከርከሮ ጎረሰ፤ ዓይኑ ፈጠጠ። ጥንቸል ጎረሰ፤ ጆሮው ቀጥ ብሎ ቆመ። ቆቅ ጎረሰች፤ መብረሯን ረስታ በእግሯ ሮጠች።

"ውሃ!" አሉ በአንድ ድምፅ።

እንስራው ባዶ ነው።

"ተነሡ፣ ወደ ወንዝ!" አለ ከርከሮ። "ጣራው ለሌላ ቀን ይደር!"

ሰማዩ ጠቁሯል። ጃርት ልጆቿን አየችና እንባዋ መጣ። ክዳኑን አነሣችና "እህቴ፣ በድዬሻለሁ። ምን ይሻለኛል?" አለቻት ድስቷን።

ድስቷ ጉሮሮዋን ጠረገች። "ጎበዝ! ወንዝ ድረስ ምን ያንከራትታችኋል? ዝናቡ መጣ እኮ። ዝናብ የሚወርደው ከላይ ነው፤ ጣራ ላይ የወጣ ቀድሞ ይጠጣል!"

እየተሻሙ ወጡ። ካፊያው ጀመረ፤ አፋቸውን ወደ ሰማይ ከፍተው ጠጡ፣ ጠጡ፣ ጠጡ። ሲረኩ ከታች ሦስቱ ግልገሎች ሲያስነጥሱ ሰሙ፤ አፈሩ። "እዚህ ድረስ ከወጣን አይቀር" አለ ከርከሮ ሣሩን እየሳበ። ዶፉ ሳይጀምር ጣራው ተከደነ።

ከዚያ ወዲህ ጃርት ጨው ሲጠፋባት አታሸትም፣ አታፈጥጥም፣ ጆሮዋን አትደቅንም፤ ድስቷን ትጠይቃለች። እናንተም ነገሩ ውስጥ በነበረው ላይ ክዳን ደፍታችሁ፣ እሳት ሊሞቅ የገባውን ሁሉ አትመኑ።

ተረቴ አለቀ፤ በሉ አሁን ውሃ አቀብሉኝ።